ባክቴሪያው ምን በልቶ ይኖራል?

ደሴና ኮምቦልቻ ፋርማሲ፣ ባዮኬሚስትሪና ላቦራቶሪ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሴል የበላውን ወደ ጉልበትና ወደ አካሉ የሚቀይርበት ሂደት፣ ሲባል ብዙዎቻችሁን ይሰለቻችኋል። አይፈረድባችሁም። የክሬብስን ዑደት ሸምድዶ ፈተና ላይ መዘርገፍ ማንን ያስደስታል? ግን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ስታዩ፣ ያው የጠላችሁት ትምህርት ነው የሚጠብቃችሁ።

አይሶናያዚድን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ እየሠራ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳውን በሰም መሰል ቅባት ይለብጣል። አይሶናያዚድ ይህን ቅባት ከሚሠሩት ኢንዛይሞች (የሴሉን ኬሚካላዊ ሥራ ከሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) አንዱን፣ ኢንኤችኤ የሚባለውን፣ ያግዳል። የሚገርመው ግን ክኒኑ ሲዋጥ ገና መድኃኒት አልሆነም። የሚያነቃው የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይም፣ ካትጂ ነው። ባክቴሪያው ራሱ መግደያውን ያቀብላል ማለት ነው! ካትጂ ሲበላሽ ታዲያ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ፈቃድ የሰጠችው ቤዳኩሊን ደግሞ የሚመታው ኤቲፒ ሲንቴዝን፣ የጉልበት ማምረቻውን ነው።

ይህን የሰማ ተማሪ "ኢንዛይም ላግድና መድኃኒት ላግኝ" ይላል። ቀስ በሉ። ባክቴሪያው ሰው ውስጥ ሊውጠው በመጣው የሰውነት ተከላካይ ሴል፣ ማክሮፋጅ ውስጥ፣ ተደብቆ ይኖራል። እዚያ በብዛት የሚበላው ስብና ኮሌስትሮል ነው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ግሊሰሮል እናቀርብለታለን። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያውን ድራሹን ያጠፉ ውህዶች አይጥ ላይ ምንም ሳይፈይዱ ቀሩ። ሲጣራ፣ የሚገድሉት ግሊሰሮል ሲኖር ብቻ ነበር።

ስብ በልቶ ለመኖር አይሶሲትሬት ላየዝ የሚባል ኢንዛይም ያስፈልገዋል። ሁለት ዓይነት አለው፤ ሁለቱም ሲጠፉ አይጥ ሳንባ ውስጥ መቆየት አልቻለም። ሰው ይህ ኢንዛይም የለውም። ከዚህ የተሻለ ዒላማ ከየት ይመጣል? ሆኖም ከ20 ዓመት በላይ ተለፍቶበት ታካሚ ዘንድ የደረሰ መድኃኒት አልወጣም። ውህድ የሚገባበት ቦታው ጠባብ ነው፤ ኬሚስቶችን አስለቅሷል።

ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድሮ የሚታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነበር። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የዚሁ የቲቢው ዘመድ ነው። እሱማ ይባስ ብሎ እስከ ዛሬ በብልቃጥ አላድግም ብሏል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ለመመረቂያ ጥናት የባህል መድኃኒት ቅጠል ጨምቆ ባክቴሪያ ላይ መሞከር ይወደዳል። እኔም እደግፋለሁ፤ የወሎ ተራራ ቅጠል ሞልቶታል። የቲቢው ባክቴሪያ ጥንቃቄው የበዛ ላቦራቶሪ ስለሚፈልግ ስሜግማቲስ በሚባለው ፈጥኖ በሚያድገው ዘመዱ ጀምሩ። ግን በግሊሰሮል ብቻ ሞክራችሁ አታብቁ። ኮሌስትሮል ወይም ፋቲ አሲድ ብቻ ባለበት ምግብም ድገሙት። ሁለቱ ውጤት ካልተስማማ አትደብቁት፤ እኔ ገምጋሚ ብሆን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። አማካሪያችሁ "ይህን ደሞ ማን ይጠይቅሃል?" ቢላችሁም እንኳ፣ ባክቴሪያው ምን በልቶ እንዳደገ ፕሮፖዛላችሁ ላይ በዝርዝር ጻፉ።