ነጩ ጌጥ ሮዝ የሆነበት የአፍጋን ምንጣፍ

ጠያቂያችን፣ እናትዎ ከጅዳ ያመጡትን በእጅ የተሠራ ቀይ የአፍጋን ምንጣፍ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ካጠቡት በኋላ ነጩ ጌጥ ሮዝ እንደሆነ፣ መሀሉ ላይም ፈዘዝ ያለ ቀይ ሰንበር እንዳዩ ጽፈው፣ በረኪና ያስለቅቀው እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ በረኪናውን ፈጽሞ አያስጠጉት። ጥጥን ቢያነጣም ሱፍን ግን ቢጫ አድርጎ ያሟሟል፤ የምንጣፍዎ ፊት ደግሞ ሱፍ ነው።

ቀለም ስለለቀቀ ብቻ ምንጣፉ የማሽን ሥራ ነው ብለው አይዘኑ። በሰሜን አፍጋኒስታንም የሚኖሩት የቱርክመን ሕዝብ ሸማኔዎች፣ አፍጋኖች «ፊል ፓይ» ማለትም የዝሆን እግር የሚሉትን ባለ ስምንት ማዕዘን ጌጥ ሲሠሩ፣ ቀዩን ጥንት የሚያወጡት ፋርሶች ሩናስ ከሚሉት ተክል ሥር ነበር፤ ሱፉ በአልም፣ ማለትም ቀለም በሚያስይዝ ጨው፣ ስለሚዘፈዘፍም ቀለሙ ከክሩ ጋር ጠብቆ ይያያዛል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ካገኘ በኋላ ግን የፋብሪካ ቀለም ቀስ በቀስ እስከ መካከለኛው እስያ ዘለቀ። ጥሩው የፋብሪካ ቀለም አይለቅም። የሚለቀው በቅጡ ያልያዘው፣ ወይም ከተነከረ በኋላ ትርፉ ታጥቦ ያልወጣለት ነው፤ ብዙው የሱፍ ቀለም በአሲድ የሚይዝ በመሆኑ፣ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ያለበት የዱቄት ሳሙናና ሙቀት ሲያገኙት ይላቀቃል።

አሁን ሮዝ የሆነውን ነጭ ሱፍ በሁለት አውራ ጣትዎ ከፈል አድርገው ሥሩን ይመልከቱ። ጫፉ ሮዝ፣ ሥሩ ነጭ ከሆነ፣ ውሃው ሲተን ቀለሙን ወደ ላይ ስቦታል ማለት ነውና የመስተካከል ተስፋው የተሻለ ነው። በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረው ነጭ ጨርቅ ይንከሩና ቀዩ ላይ ለሁለት ደቂቃ ጫን አድርገው ይያዙት። ጨርቁ ከቀላ ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ለምንጣፍ ጥገና ባለሙያ ይስጡት። ካልቀላ ምንጣፉን ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ አዘንብለው ዘርግተው፣ በዚያው ውህድ ነጩን በጨርቅ እየጫኑ፣ ሳይፈትጉ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየቀያየሩ ይምጠጡት፤ ከዚያም በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሱፉ በተኛበት አቅጣጫ ያለቅልቁት። ውሃውን በፎጣ ጨምቀው፣ ነፋስ ከላይም ከታችም እንዲያገኘው ከፍ አድርገው በጥላ ያድርቁት። አጥፈው በገመድ ላይ አይስቀሉት፤ እርጥብ ምንጣፍ ክብደቱ ድሩን ይጎዳል፣ ቀለሙም ወደ ታች ይወርዳል። ሮዙ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ ቀለም ነቃይ ኬሚካል ቀዩንም ስለሚያጠፋው ግን በቤት ውስጥ እንዲሞክሩት አልመክርም።

ሰንበሩን በተመለከተ፣ ምንጣፉን ገልብጠው ይዩት። በማጉ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ከሄደና በጀርባውም ከታየ፣ እጥበትዎ ያመጣው ጉዳት አይደለም። ሸማኔዋ አንዱ የተነከረ ክር አልቆባት ሌላ ንክር ስትጀምር የሚፈጠር፣ ባለሙያዎች «አብራሽ» የሚሉት የቀለም ልዩነት ነው። እኔ በግሌ በጣም እወደዋለሁ፤ እንዳይነኩት።