ገቢ ግብር ልዩነትን ያጠባል ወይ? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዓመታት የፈጀሁበት ጉዳይ ስለሆነ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ አማካይ መጣኔውን (ከጠቅላላ ገቢ ስንት በመቶው በግብር እንደሚሰበሰብ) ሳትይዙ ስለ እርከን (በየገቢው ደረጃ ስለሚጣለው መቶኛ) ብቻ አትጠይቁኝ።

ደሞዝተኛው፦ ጋሼ የላይኛው እርከን ከፍ ካለ ግብሩ ልዩነቱን በደንብ ያጠባል አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ቁጭ ብለን እንስራው። ሁለት ሰው ብቻ አለ በል፣ አንዱ 100 አንዱ 300 ያገኛል። በጂኒ ስንለካው (0 ሲሆን ሁሉም እኩል ነው፣ ወደ 1 ሲጠጋ ገቢው አንድ ሰው እጅ ገብቷል) ለሁለት ሰው ልዩነቱን ለድምሩ እጥፍ ማካፈል ነው፣ 200 ለ800፣ 0.25 ይመጣል። አሁን ከአንዱ 10 ከሌላው 90 ውሰድ፣ 90 እና 210 ይቀራቸዋል፣ ጂኒው 0.20 ሆነ። በሌላ ዙር ደግሞ 1 እና 9 ብቻ ውሰድ። ባለ 300ው አሁንም 9 እጥፍ ነው የሚከፍለው፣ የሸክሙ አደላደል ቅንጣት አልተለወጠም፣ ካክዋኒ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሸክም አደላደል መለኪያም ለሁለቱም 0.15 ይሰጥሃል (የግብሩ ጂኒ 0.40 ሲቀነስ የገቢው 0.25)። ጂኒው ግን 0.246 ላይ ቀረ! በመጀመሪያው ከጠቅላላ ገቢ 25 በመቶ ተሰብስቧል፣ በሁለተኛው 2.5 በመቶ። 0.15ን በ25 አባዛና ለቀሪው 75 አካፍል፣ ጂኒው ከ0.25 ወደ 0.20 የወረደባት ያቺው 0.05 ትመጣለች። ፕሮግረሲቭ መሆንና (ገቢ በጨመረ ቁጥር የሚከፈለው መቶኛም መጨመሩ) ገቢ ማከፋፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሰሚራ፦ ግብር ጥሩ ነው መጥፎ?

መልስ፦ እህቴ ይሄ ጥያቄ አይመለስም። የቱ ግብር፣ ከማን፣ ስንት?

ቁጥር ወዳድ፦ ለሁሉም አንድ መጣኔ ቢሆንስ?

መልስ፦ ከግብር ነፃ መነሻ ካለው እሱም ፕሮግረሲቭ ነው። ከ50 በላይ ባለው ላይ 20 በመቶ ብትጥል ባለ 100ው 10 ይከፍላል ባለ 300ው 50። መነሻ ከሌለው ጂኒው ንቅንቅ አይልም።

ነጋዴው፦ እኔ መነሻም አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ እኩል መቶኛ እኩል አያያዝ ነው፣ ብዙ የሰራ ሰው ለምን ይቀጣል

ደሞዝተኛው፦ ወንድሜ ከ100 ላይ 10 ሲነሳ እኮ ከአስቤዛ ነው የሚነሳው፣ ከ300 ላይ 30 ሲነሳ ከቁጠባ ነው፣ እንዴት እኩል ይሆናል

ነጋዴው፦ ያ ቁጠባ ነው ነገ ለሌላው ሰው ስራ የሚከፍተው

መልስ፦ ይሄን ክርክር ጂኒ አይፈርድላችሁም፣ ምን ያህል ልዩነት እንደጠበበ እንጂ ምን ያህል መጥበብ እንዳለበት አይናገርም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አቤል፦ የላይኛው እርከን ቢጨመር ልዩነቱ ይጠባል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ 1 እና 9ኙን አንብብ። አማካይ መጣኔ!

ሰሚራ፦ እሺ ጋሼ አሁን ለይቼ ልጠይቅ፣ ተቀራራቢ ገቢ ያላቸው ሰዎች የተለያየ ግብር ቢከፍሉስ?

መልስ፦ ጎሽ፣ ይሄ ነው ጥያቄ። አንዷ 110 ደሞዝ አላት፣ ገና እጇ ሳይገባ 20 ይቆረጥባታል። ሌላው 100 ያገኛል፣ ገቢው ግን ግማሹ በልዩ ፈቃድ ነፃ ስለሆነ 5 ብቻ ይከፍላል። እሷ 90 እሱ 95 ይዘው ቀሩ። ልዩነቱ ከ10 ወደ 5 ወርዷል፣ ጂኒውም ቀንሷል፣ ሪፖርት ላይ «ግብሩ ልዩነት አጠበበ» ተብሎ ይጻፋል፣ እሷ ግን ከፊት የነበረችው ከኋላ ሆናለች። ኢኮኖሚስቶቹ አትኪንሰን በ1980 ፕሎትኒክ በ1981 እ.ኤ.አ. ይሄን የተራ መገለባበጥ ለብቻው መለካት ያሳዩት ለዚህ ነው፣ ሰው ግብር ላይ እምነት የሚያጣውም ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጨረሻውን ጂኒ ብቻ ይዞ ፍትሃዊ ነው የሚላችሁን ሰው ስንት ሰው ተራው ተገለበጠ በሉት።

ቁጥር ወዳድ፦ ቫትስ?

መልስ፦ እሱን የሚያውቅ ይመልስልህ፣ እኔ ገቢ ግብር ላይ ነኝ።