መልስ፦ ወንድሜ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ሌሊት አይተኛም

እህቴ፣ «በር ሲንኳኳ ይበረግጋል፣ ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፤ ጸበል ብቻ ይበቃዋል ወይ?» ላልሽው፦ እብደት አይደለም። አደጋው ቢያልፍም አእምሮው ገና ዘብ ላይ ነው። ከወር በላይ ከዘለቀና ኑሮውን ካወከ ሕክምና ያስፈልገዋል። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ትዝታውን ጥቂት በጥቂት እየነኩ፣ የሚሸሸውን ነገር ቀስ በቀስ እየተለማመዱ። እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ግን ሳምንታት ይፈጃሉ፣ በሦስት ቀን አልሠራም ብሎ እንዳያቆም። ቤት ውስጥ «እስቲ ምን አየህ?» እያላችሁ አታስጨንቁት። አረቄውንም ልብ በይ፤ ያስተኛው ይመስላል እንጂ ሌሊቱን ያብስበታል። ጸበሉን አልቃወምም፣ እኔም እሄዳለሁ፤ መድኃኒቱን አቁም ከተባለ ግን አይሆንም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰጂው። ራሴን አጠፋለሁ ካለ ለነገ አትበይ፣ ብቻውንም አትተዪው።