ከኮርኒሱ በላይ ያለው እሳት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጣሪያና እሳት ብዙ ጽፋችሁልኛል። የተወሰኑትን ልመልስ።

ቀይ ቆርቆሮ ከነጩ ይልቅ እሳት ይችላል?
ቀለሙ ለውጥ የለውም።

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የሚኖር ወጣት፦ ጎረቤት ቤት ሲቃጠል ልጆች ባልዲ ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው «ውረዱ!» ብለው ጮኹ፤ ራሳቸውም አልወጡም። ፈርተው ነው?

አይደለም ወንድሜ፤ ስለሚያውቁ ነው። እኔም እዚህ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። ተዳፋት ጣሪያ ውስጡ እየነደደ ከውጭ ደህና ይመስላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል ባዶ ቦታ አለ። እሳቱ እዚያ ከገባ ማንም ሳያየው ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ያራግበዋል። ጣሪያውን የተሸከመው ባህር ዛፍ የተያያዘው በምስማር ነው። በምስማሩ ዙሪያ ያለው እንጨት ሲከስል ምስማሩ የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ ግንዱ ገና ሳያልቅ መጋጠሚያው ይለቃል። አንዱ ሲለቅ ሸክሙ ወደ ቀጣዩ ይዞራል፤ እሱም አይችለውም። ያኔ ለመውረድ ጊዜ የለም።

ቆርቆሮ ላይ ያሉትን የምስማር መስመሮች ልብ ብላችሁ እዩ። ማገሩ ያለው ከእነሱ ሥር ነው። በሁለት መስመሮች መሀል ከስስ ቆርቆሮ በቀር የሚሸከም ነገር የለም። ጣሪያ የሚጠግን ሰው መስመሩን እየረገጠ የሚሄደው ለዚህ ነው። በጭስ ውስጥ ግን መስመሩ አይታይም። ቢታይም ሥሩ ያለው ከሰል ሊሆን ይችላል። ባልዲው የደፋው ውሃ ያንሸራትታል፤ ቆርቆሮውም ኮረንቲ ይዞ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ አትውጡ። ሰው አስወጡ፣ በሰላም መድረስ ከቻላችሁ ቆጣሪውን አጥፉ፣ የጎን ቤቶችን ቀስቅሱ።

ጣሪያዬ የቆመው በብረት ነው፤ እፎይ ልበል?
አትበል። ብረት 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጉልበቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የቤት እሳት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ስስ የብረት ቱቦ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይታጠፋል።

አንዲት እናት፦ ኮርኒሱ ላይ አሮጌ ፍራሽና ካርቶን አለኝ፤ ችግር አለው?
አለው እናቴ። ዛሬውኑ ያስወርዱት።

1,000 ሊትር ሮቶ ጣሪያዬ ላይ ልሰቅል ነው፤ አናጺው «ይችላል» ብሎኛል።
ሲሞላ ውሃው ብቻ 1 ቶን ነው። አናጺውን አከብራለሁ፤ ግን መሐንዲስ ሳያየው እንዳትሰቅል። ለሌላው ጥያቄ ባለሙያ ጠይቁ ብዬ አላስጨነቅኋችሁም፤ ለዚህኛው ግን ግድ ነው። ከተሰቀለ በኋላም እሳት ከተነሳ፣ መኪናው ሲደርስ መጀመሪያ የምትናገረው «ላይ ሮቶ አለ» የሚለውን ይሁን። ሠራተኞቹ ከሥሩ እንዳይገቡ።