ቀልዱ ከየት መጣ? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ «ዶክተር ስትሬንጅላቭ»

ባለፈው ሳምንት ስለ ስታንሊ ኩብሪክ የ1964 አስቂኝ ፊልም ጽፌ ነበር። አንድ የአሜሪካ ጀኔራል አእምሮው ይነካና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ወደ ሶቭየት ኅብረት ይልካል፤ የሚመልሳቸውን ምስጢራዊ ኮድ የሚያውቀው ደግሞ እርሱ ብቻ ነው። ፊልሙ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው ማለቴ ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል።

ጥያቄ፦ መጽሐፉም እንዲህ ያስቃል?

መልስ፦ በፍጹም። የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን የነበረው ፒተር ጆርጅ በ1958 ያሳተመው «ሬድ አለርት» ግንባሩን የማይፈታ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ነው። ኩብሪክም የተነሣው ኮስታራ ፊልም ሊሠራ ነበር። ሲጽፍ ግን የሚያስቀውን እየቆረጠ በጣለ ቁጥር የቀረው እውነት አልመስል አለው። በመጨረሻ የጣለውን መልሶ ለቀመና ቴሪ ሳውዘርን የተባለውን ቀልደኛ ደራሲ ጠራ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ታሪኩን ለወጠው ማለት ነው?

መልስ፦ ከሚገምቱት በታች። የተከበበው የጦር ሰፈር፣ ሬዲዮው የተመታበት አውሮፕላን፣ ዓለምን የሚያጠፋው የሶቭየት መሣሪያ፣ ሁሉም ከመጽሐፉ የመጡ ናቸው። የተለወጡት ሰዎቹ ናቸው። እኔ አይቼ የማልጠግበውን ትዕይንት ልንገራችሁ፦ እንግሊዛዊው መኮንን ኮዱን ደርሶበታል፤ ለፕሬዚዳንቱ ሊደውል ሲል የሕዝብ ስልኩ ሳንቲም አነሰው። አጠገቡ ያለውን ኮሎኔል የኮካ ኮላ መሸጫውን ማሽን በጥይት መትቶ ሳንቲም እንዲያወጣለት ይለምነዋል። ኮሎኔሉም «የግል ንብረት ነው!» ብሎ ይከራከራል። ዓለም ልትጠፋ የቀራት ደቂቃ ነው! በመጨረሻ ይተኩሳል፤ በኩባንያው እንደሚጠየቅ ግን መኮንኑን አስጠንቅቆ ነው። ሳንቲሙን ሊለቅም ጎንበስ ሲል ለስላሳው ፊቱ ላይ ይረጨዋል።

ጥያቄ፦ የፊልሙ መጠሪያ የሆነውን ዶክተር ስትሬንጅላቭን መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ አይድከሙ፣ የለም። የፊልሙ ፈጠራ ነው። ፒተር ሴለርስ እርሱን፣ ፕሬዚዳንቱንና እንግሊዛዊውን መኮንን፣ ሦስቱንም ሆኖ ተጫውቷል።

ጥያቄ፦ አጨራረሳቸውስ?

መልስ፦ (ፊልሙን ያላያችሁ ይህን እለፉት።) በመጽሐፉ ዓለም ትተርፋለች፤ በፊልሙ አትተርፍም።

ጥያቄ፦ እኔ ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል ያገኘሁት ቀልድ ሞልቶበታል፤ ደራሲውም ያው ፒተር ጆርጅ ነው። ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ ሁለታችንም ልክ ነን። ፒተር ጆርጅ ፊልሙን አብሮ ከጻፈ በኋላ፣ ያንኑ ቀልደኛ ፊልም በፊልሙ ርእስ መልሶ ልቦለድ አድርጎታል። በእጅዎ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዶክተሩን ይፈልጉ፤ ካለ የገዙት ሁለተኛውን ነው።