ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ፍሩሽካው ሰጋቱራ ሰጋቱራ አለኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ48 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚን ጧትና ማታ እወስዳለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሆዴ እየደረቀ አስቸገረኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ “አሰር ያለው ምግብ አዘውትሪ” ስለተባልኩ ፍሩሽካ ገዝቼ በውኃ እየበጠበጥኩ መጠጣት ጀመርኩ። እንደ ሰጋቱራ ጉሮሮዬን ይፍቀኛል፤ ሆዴም ይነፋል። ልጆቼ ደግሞ “እማ የከብት መኖ ጀመረች” እያሉ ይስቁብኛል። ከምን ጋር ብሠራው ይጣፍጣል? ተልባስ አይሻለኝም?

መልስ፦ ልጆችዎ ቀልደውም ቢሆን አንድ እውነት ተናግረዋል። ከመኖ መሸጫ የሚገዛ ፍሩሽካ ለሰው ተብሎ የተያዘ አይደለም። ጆንያው እርጥበት አግኝቶት፣ ሻጋታ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ የአንዳንዱ ሻጋታ መርዝ ደግሞ ቢቆሉትም አይጠፋም። ያንን ለላሟ ይተዉላት። ለእርስዎ የሚሆነው ከራስዎ ስንዴ የሚወጣው ነው። ስንዴውን ለቅመው፣ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ያስፈጩ፤ በወንፊት ሲነፉት ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ዳቦ የሚጋግሩ ከሆነ ጭራሽ ሳይነፉት መጋገር ይቀላል።

ሆድዎን የነፋው መጠኑ ነው። አሰር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ቃጫ፣ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ያልለመደ አንጀት በአንድ ጊዜ ብዙ ሲገባለት ጋዝ ይሞላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ ካስፈለገ በሦስተኛው ሦስት፤ ከዚያ አይለፉ። አንድ ሙሉ ማንኪያ ወደ 2 ግራም አሰር ይሰጣል። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ያስፈልገዋል፤ አብዛኛው ግን ከማንኪያው ሳይሆን ከማዕዱ ነው መምጣት ያለበት። የጤፍ ወይም የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን የሚበላ ሰው ፍሩሽካ ላያስፈልገውም ይችላል። ቤትዎ ነጭ የፉርኖ ዳቦ፣ ማካሮኒና ሩዝ የለመደ ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ፍሩሽካ የራሱ ጣዕም ትንሽ ነው፤ ጉሮሮ የሚፍቀው ስላልራሰ፣ ጥሬ ጥሬ የሚለው ስላልተቆላ ነው። በደረቅ ምጣድ ላይ ስስ አድርገው ዘርግተው፣ በመለስተኛ እሳት ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ሳያቋርጡ ያማስሉት። የቆሎ ሽታ ሲሰጥ ወዲያው ከምጣዱ ያውጡት፤ ምጣዱ ላይ ከቆየ በራሱ ግለት ያርራል፣ ያረረ ፍሩሽካ ደግሞ በምንም ቅመም የማይሸፈን ምሬት አለው። ሲቀዘቅዝ በሚከደን ዕቃ ያስቀምጡት።

ከሁሉ የሚስማማው ሽሮ ነው። ሽሮው ራሱ የተቆላ እህል ስለሆነ ሽታቸው ይገጥማል፤ የበርበሬው ቀለምም ይሸፍነዋል። ለአራት ሰው በሚሠራ ሽሮ ሁለት ማንኪያ ይበቃል። ሚስጥሩ የሚገባበት ሰዓት ላይ ነው፦ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ዘይቱ ተቁላልተው ቁሌቱ ሲበስል፣ ውኃ ከመጨመሩ በፊት ፍሩሽካውን ይጨምሩና ሁለት ደቂቃ ያህል አብሮ ይቁላላ። ቅባቱንና ቅመሙን የሚጠጣው ያን ጊዜ ነው። ውኃው ከተለመደው ግማሽ ብርጭቆ ይብለጥ። መጨረሻ ላይ ቢነሰነስ ግን ሽሮው አሸዋ አሸዋ ይላል። ከተቆጠረ አይቀር፣ ከዚህ ሽሮ የእርስዎ ድርሻ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ነው። አልጫ ላይ አይሞክሩት፤ ቀለሙም ጥሬ ጣዕሙም መደበቂያ ያጣል።

ዳቦ ላይ ለአንድ ኪሎ ዱቄት 100 ግራም ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ደረቁን ከዱቄቱ ጋር ይቀላቅለዋል። ፍሩሽካው የሊጡን ውኃ ይስባል፣ ስለታም ጠርዙም ሊጡን የሚያሳስበውን ክር ይበጥሳል፤ ከዚያ ሊጡ ኩፍ አይልም፣ ዳቦው እንደ ጡብ ይሆናል። ፍሩሽካውን በሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ያርሱትና ከዚያ ያቡኩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና ግማሽ የተፈጨ ድንብላል ከስንዴ ቅርፊት ጋር በጣም ይዋደዳሉ። በእርሾ ይቦካና ይደር፤ ማቡካት ጣዕሙን ከማለስለሱም በላይ ፍሩሽካ ውስጥ ያለውንና ብረት እንዳይመጠጥ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል።

በፍስክ ቀን አንድ ማንኪያውን በአንድ ብርጭቆ እርጎ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያርሱት፤ ጨውና የሚጥሚጣ ቁንጢጥ ይበቃዋል፤ ኮምጣጣው የፍሩሽካውን ድርቀት ይሰብረዋል። በጾም ቀን በቲማቲም፣ በቃሪያና በሎሚ ሰላጣ ላይ ይነስንሱት። ሎሚውና ቲማቲሙ የብረትን መመጠጥ ያግዛሉ። ቡና ግን የብረትን መመጠጥ ስለሚቀንስ ከማዕዱ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ የወሎ ቡና በአንድ ስኒ እንደማያልቅ አውቃለሁና ሰዓቱን ከአቦሉ በፊት ይቁጠሩት። ማር ስኳርዎን ስለሚያወጣ ለእርስዎ አልመክርም። አብሽ በምግብ ቅመምነቱ ችግር የለውም፤ በየቀኑ በማንኪያ የሚወሰድ ከሆነ ግን ስኳር ስለሚቀንስ፣ በተለይ ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የተጨመረለት ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር አይጀምረው።

ተልባውን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር ለእርስዎ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። በውኃ ሲነካ የሚያወጣው ልጋግ ሰገራን ያለሰልሳል፤ ሆድ የሚነፋቸው ሰዎችም ከፍሩሽካ ይልቅ ይቀበሉታል። ነገር ግን ሦስት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛ ሳይፈጭ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ተፈጭቶ ብዙ ከቆየ ዘይቱ ይበላሽና ቀለም ቀለም ይሸታል፤ መንጣጣት እስኪጀምር ለስለስ አድርገው ቆልተው፣ የሳምንት ብቻ እየፈጩ ጨለማ ቦታ ያስቀምጡት። ሦስተኛ ማጥለል ነው። የተጠለለው ተልባ ለጉሮሮ ይጥማል፣ አብዛኛው አሰር ግን ማጥለያው ላይ ቀርቷል። ከመጠጡ ይልቅ የተልባ ፍትፍት ይሻላል፦ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ጨው፣ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ከዚያ እንጀራው ይፈትፈትበት። ቀዝቃዛ ያልኩት በሙቅ ውኃ ቶሎ ስለሚወፍር ነው፤ እንደተሠራ ይበላ፣ ሲቆይ ይለገልጋል። ሎሚው የተልባውን ከበድ ያለ ቅባት ይቆርጠዋል። በቀን አንድ ማንኪያ ይጀምሩ፣ ከሁለት አይለፉ።

የትኛውንም ቢመርጡ ለእያንዳንዱ ማንኪያ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ በቀን በድምሩ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ያስፈልጋል። ያለ ውኃ የተበላ አሰር አንጀት ውስጥ ይጠጥራል፤ ድርቀቱንም ያብሰዋል። ጾም ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ ረመዳን ላይ በኢፍጣር ውኃ ከተጠጣ በኋላ እንጂ በሱሁር ብቻ አይወሰድ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም ከዚያ በኋላ ያድርገው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ውኃ የተመጠነለት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር፤ ፍሩሽካ ለታመመ ኩላሊት የሚከብድ ፎስፈረስም አለው።

ሜትፎርሚን አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ያስቀምጣል እንጂ አያደርቅም፤ ስለዚህ ድርቀቱ ለምን መጣ የሚለው መመርመር አለበት። የብረት ክኒን ይወስዱ እንደሆነ፣ ስኳሩ ረጅም ጊዜ የቆየ እንደሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ወይም ሰገራዎ እየቀጠነ ከሄደ በማንኪያ ቀጠሮ አይስጡት፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ፣ ማስመለስ ከተጨመረ ደግሞ ተልባም ፍሩሽካም እንዳይነኩ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ሕዝቡ አንጀት መታጠፍ የሚለው ነገር በአገራችን የተለመደ ነው፤ እዚያ ላይ አሰር መጨመር ጉዳት ነው።

አሰር መድኃኒትን ስለሚይዝ ከክኒን ሁለት ሰዓት ይራቅ፤ የእንቅርት ክኒን ከሆነ አራት ሰዓት። ሜትፎርሚኑን ጧትና ማታ ከምግብ ጋር ስለሚወስዱ፣ ፍሩሽካው ወይም ተልባው የምሳ ይሁን።