እማዬ ሌሊት ስትፈትል

ልጆቼ፣ ጤና መኮንን ሆኜ ዕድሜዬን የሠራሁት በእማዬ እንዝርት ነው። ለብዙ ዓመታት ግን ሰው ሲጠይቀኝ "ጥሬ ግሬ ተማርኩ" እል ነበር። እሷን አላነሳም ነበር።

ቤታችን ጎንደር፣ ቀሐ ኢየሱስ አጠገብ ነበር። ማታ በኩራዝ ሳጠና እማዬ ባዘቶዋን ይዛ ከጎኔ ትቀመጣለች። "አጥና" ብላኝ አታውቅም። ፊደል ስላልቆጠረች የማነበውን አታውቀውም። የምታውቀው ገጽ ሲገለጥ የሚሰማውን ድምፅ ነው። ድምፁ ሲጠፋባት እንቅልፍ እንደጣለኝ ይገባታል። አትቆጣም። እፍኝ ቆሎ አጠገቤ ታኖርና ኩራዙን ወደ እኔ ጠጋ ታደርገዋለች። ከዚያ ተመልሳ እንዝርቷን ታሾራለች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ለራሷ የጥምቀት ቀሚስ የሚሆን ፈትል ጨርሳ ነበር። ልቃቂቶቹን አይቻቸዋለሁ፤ ለሸማኔ መስጠት ብቻ ነበር የቀራት። የእኔ የመጽሐፍና የልብስ ወጪ መጣ። ቅዳሜ ገበያ ይዛው ወጣች፣ ባዶ እጇን ተመለሰች። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" በሚባልበት አገር፣ እማዬ ክንዱ ላይ በተጣፈ ቀሚስ ታቦት አጅባ ወደ ፋሲለደስ መጥመቂያ ወረደች። መጣፊያውን አይቻለሁ። ምንም አልጠየቅኳትም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከተማው ሁሉ ሲደሰት፣ እኔ ያ ክንድ ነው የታወሰኝ።

እናንተ እናታችሁን ጠይቁ። "ለእኔ ብለሽ ምን ሸጥሽ? ምን ቀረብሽ?" በሉ። መጀመሪያ "ምን ቀረብኝ ብለህ" ትላለች። ቡና እስኪፈላ ታገሱና ደግማችሁ ጠይቁ።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሥራ ይዤ የስንቱን እናት የደም ግፊት ለካሁ። የእማዬን አልለካሁም። "እንዴት ነሽ?" እላታለሁ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ትለኛለች። አምኜ እመለሳለሁ። አንድ ጠዋት ቡና ስትቆላ ቀኝ እጇ ከዳት። ስደርስ መናገር አቅቷት ነበር። ስትሮክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ የደም ግፊት የሚያመጣው የአንጎል ሕመም።

ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ "ደህና ነኝ" የሚለው የእናት ቃል አያሳርፋችሁ። በስልክ ብር መላክ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቁና ራሳችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ክንዷን ስትለካ አጠገቧ ሁኑ። በተለያየ ቀን ተለክታ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋታል። መድኃኒት ከታዘዘላትም "ተሽሎኛል" ብላ እንዳታቋርጠው ተከታተሉ። እናቶች ለመድኃኒት የሚወጣውን ብር ለልጅ ይቆጥቡታል። ብዙ አይቻለሁ።

እማዬ ከዚያ በኋላ የቆየችው ሦስት ወር ነው። ማታ ማታ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነብ ነበር። አንድ ሌሊት ማንበቡን ትቼ ፊቷን ሳይ ቆየሁ። ዓይኗን ገለጠች። መናገር አልቻለችም። በግራ እጇ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።